የአሜሪካ ፖለቲከኞች ተደማምጦ መከራከር እንዴት ተሳናቸው?

የሆጤ መምህርት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ደሴ ከሚገኙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተማሪዎችን የክርክር ክበብ እመራለሁ። ክበቡን ከተረከብኩ ጀምሮ ለልጆቹ የክርክርን ሥርዓት የማሳያቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዕጩዎች ያደረጓቸውን ክርክሮች እየመረጥኩ ነው፤ እኔም በተማሪነቴ የተማርኩት በዚያው መንገድ ስለነበር ሌላ አላሰብኩም። ባለፈው ሳምንት የገጠመኝ ነገር ግን ሐሳባችሁን እንድጠይቅ አስገድዶኛል።

ሁለት ክርክሮችን አከታትዬ አሳየኋቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1960 ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን ቺካጎ ላይ ያደረጉት፣ በቴሌቪዥን የተላለፈው የመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ክርክር ነው። ለመክፈቻ ንግግር ለእያንዳንዳቸው 8 ደቂቃ ተሰጥቷቸው ነበር። ኒክሰን ተራው ሲደርስ፣ ተቀናቃኙ ከተናገረው ውስጥ ብዙዎቻችን የምንስማማበት ነገር አለ ብሎ ጀመረ፤ ልዩነታችን አገሪቱ ልትደርስበት በሚገባት ግብ ላይ ሳይሆን ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ሲልም አስረዳ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2020 ዶናልድ ትራምፕና ጆ ባይደን ክሊቭላንድ ላይ ያደረጉት ነው። አንዱ 2 ደቂቃ ሲናገር ሌላው እንዲያዳምጥ ተስማምተው ገብተው ሳለ፣ ትራምፕ በባይደን ንግግር መካከል ደጋግመው ገቡ፤ ባይደንም ታግሠው ታግሠው በመጨረሻ ዝም እንዲሉ በቁጣ ተናገሯቸው፤ አወያዩ ክሪስ ዋላስም ከመጠየቅ ይልቅ በመገላገል ደከሙ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ናሽቪል ላይ እንደገና ሲገናኙ፣ አንዱ የ2 ደቂቃ መልሱን ሲሰጥ የሌላው ማይክሮፎን እንዲዘጋ ተደረገ።

ፊልሙ ሲያልቅ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ እኛ እንዲህ ብናደርግ ኖሮ ነጥብ ይቀንሱብን አልነበረም?» አለኝ። ልክ ነበር፤ እቀንስባቸው ነበር። አንዲት ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ቻርሊ ኪርክ የተባለው የፖለቲካ ተናጋሪ በዩታ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተማሪዎች ጋር እየተከራከረ ሳለ በጥይት መገደሉን በስልኳ አይታ ኖሮ፣ «መከራከር ያስገድላል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእርሷ የሚሆን መልስ አላገኘሁም።

እናም ጥያቄዬ ይህ ነው። በእነዚህ 60 ዓመታት ውስጥ የተበላሸው የሰዎቹ ጠባይ ብቻ ነውን፣ ወይስ ከሥር የተናጋ ነገር አለ? የአሜሪካንን ክርክር በአርአያነት ማሳየቴንስ ልተወው?

ከሐረጎ በታች (ኮምቦልቻ)

መምህርት፣ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። 19 ዓመት በቨርጂኒያ ግዛት ኖሬ፣ ዜግነቱንም ወስጄ ድምፅ ስሰጥ ከቆየሁ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሻለሁ። በነበርኩበት መሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ለሪፐብሊካን ሌላው ለዴሞክራት እየተሟገቱ፣ ሲያልቅ ተሳስቀው የሚነሡ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በተለያየ ጠረጴዛ መመገብ ጀመሩ፤ የተጣሉበትን ቀን ማናችንም አላየንም። ነገሩ ቀስ ብሎ የመጣ ስለሆነ ጠባይን ብቻ መውቀስ በቂ አይመስለኝም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የምርጫ ወረዳን ነው። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች አሉት። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ሲቆጠር የወረዳዎቹ ወሰን እንደ አዲስ ይሠመራል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች መሥመሩን የሚያሠምሩት የግዛቱ ምክር ቤት አባላት፣ ማለትም ራሳቸው ፖለቲከኞቹ ናቸው። የእኛ ደጋፊዎች እዚህ፣ የእነርሱ እዚያ ይከማቹ እየተባለ ወረዳው እንደ ጨርቅ ይቀደዳል። ሥራው ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጄሪ እንዲህ ያለ ካርታ በማጽደቁ ድርጊቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ2019 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ለፓርቲ ጥቅም ተብሎ የሚደረገውን አሠማመር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት አይችሉም ሲል 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። መራጩ ሕዝብ ራሱ ከመሰሎቹ ጋር ተሰባስቦ የመኖሩ ነገር ሲጨመርበት፣ በአብዛኞቹ ወረዳዎች አሸናፊው ፓርቲ ገና ከምርጫው በፊት የታወቀ ነው።

እንዲህ ባለ ወረዳ የሚወዳደር ሰው የሚፈራው ማንን እንደሆነ እዩልኝ። ተቃራኒውን ፓርቲ አይፈራም፤ የሚፈራው ዕጩ በሚመረጥበት የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ከራሱ ወገን ተነሥቶ «ለጠላት የተለሳለሰ» የሚለውን ተወዳዳሪ ነው። በዚያ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት የሚወጣው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ የሚወጣውም ስሜቱ የጋለ ነው። ስለዚህ ከተቀናቃኙ ጋር የተስማማበትን ነጥብ በአደባባይ መናገር፣ ኒክሰን በ1960 እንዳደረገው ማለቴ ነው፣ ዛሬ እንጀራ የሚያሳጣ ነገር ሆኗል።

ሁለተኛው ፓርቲዎቹ ራሳቸው በአቋም አንድ ወጥ እየሆኑ መምጣታቸው ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት (በሴኔቱ) ለ60 የሥራ ቀናት ያህል በንግግር ታግቶ፣ ማለትም ተቃዋሚዎቹ ድምፅ እንዳይሰጥበት ንግግሩን እያራዘሙ፣ ቆይቶ ነበር፤ ያገቱትም በዋናነት የደቡብ ዴሞክራቶች ናቸው። እገታውን ለመስበር የዴሞክራቱ ሂዩበርት ሃምፍሪ የሪፐብሊካኖቹን መሪ ኤቨረት ዲርክሰንን ማሳመን ነበረበት፤ ተነጋግረው፣ ረቂቁን አብረው አርመው፣ ጁን 10 ቀን ክርክሩ እንዲዘጋ 71 ለ29 ተወሰነ። በየፓርቲው ውስጥ ወግ አጥባቂም ለዘብተኛም ስለነበር ማንም ከወገኑ ጋር ብቻ ቆጥሮ ሊያሸንፍ አይችልም ነበር። ዛሬ ግን በሃይማኖትም፣ በመኖሪያ ቦታም፣ በጦር መሣሪያም፣ በፅንስ ማቋረጥም ጉዳይ ያለው አቋም ሁሉ በሁለት ጎራ ተጠቃሎ ስለገባ አንዱን ነጥብ መልቀቅ መላውን ማንነት እንደ መልቀቅ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልጆቹን የ2020ውን ካሳየሻቸው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2008 ሚኒሶታ ውስጥ በሌክቪል ከተማ የሆነውንም አሳያቸው። ሪፐብሊካኑ ዕጩ ጆን ማኬይን ከደጋፊዎቻቸው ጋር ሲነጋገሩ አንዲት ሴት ባራክ ኦባማን ማመን እንደማትችል፣ ዐረብ እንደሆኑ ተናገረች። ማኬይን ማይክሮፎኑን ከእጇ ወስደው፣ አይደለም እመቤቴ፣ መልካም የቤተሰብ ሰውና ዜጋ ናቸው፣ በመሠረታዊ ጉዳዮች ላይ ከእርሳቸው ጋር የምለያይ ብቻ ነኝ አሏት። በዚያው ስብሰባ ኦባማ ሊፈሩ የሚገባቸው ሰው አይደሉም በማለታቸው የገዛ ደጋፊዎቻቸው አጉረመረሙባቸው። እኔ ያን ጊዜ ለማኬይን አልመረጥኩም፤ አክብሬያቸው ግን እኖራለሁ።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ወንድማችን ያሉት ሁሉ ተገቢ ሆኖ ሳለ ስልኩን የዘለሉት ይመስለኛል። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ስለሆንኩ ከዚያ ልነሣ። የማኅበራዊ ሚዲያው የ«ወድጄዋለሁ» ቁልፍ በፌስቡክ የመጣው በ2009 ነው፤ የሌላውን ጽሑፍ በአንድ ጠቅታ የማጋራቱም ነገር በትዊተር የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የሦስት ሰዓት ክርክር 20 ሰከንድ ሆኖ ተቆርጦ ይዞራል፤ ተናጋሪውም ይህን ስለሚያውቅ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰው ሳይሆን ነገ ለሚቆረጠው ቪዲዮ ይናገራል። ለመምህርቷ ተማሪዎች በስልካቸው የሚደርሳቸው የአሜሪካ ክርክርም ይኸው የተቆረጠው ነው።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር (ደሴ)

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 34 ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁና ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቀድሞ ሁሉ ሰላም ነበር፣ አሁን ተበላሸ የሚለው አነጋገር ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1856 ቻርልስ ሰምነር የተባለው የማሳቹሴትስ ሴናተር በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሲጽፍ፣ ፕሬስተን ብሩክስ የሚባል የሳውዝ ካሮላይና ተወካይ ገብቶ በከዘራ ደብድቦ ደሙን አፈሰሰው። ከጥቂት ቀናት በፊት ሰምነር ባርነትን በመቃወም ባደረገው ንግግር የብሩክስን ዘመድ ክፉኛ ዘልፎት ነበር። ሰምነር አገግሞ ወደ ሙሉ ሥራው ለመመለስ ሦስት ዓመት ያህል ወሰደበት፤ ብሩክስ ግን ከወንበሩ ቢለቅቅም ሕዝቡ መልሶ መረጠው፤ አድናቂዎቹም አዳዲስ ከዘራ ላኩለት። ከአምስት ዓመት በኋላ አገሪቱ እርስ በርስ ጦርነት ገባች። እንግዲህ የ2020ው ጩኸት ከዚህ አይብስም።

ከዚህም የሚልቅ ሌላ ነገር አለ። ከ1836 እስከ 1844 የተወካዮች ምክር ቤት ባርነትን የሚቃወም ማንኛውም አቤቱታ ሳይነበብና ሳይመከርበት ወደ ጎን እንዲቀመጥ የሚያዝ ደንብ ነበረው። ዓላማው በባርነት ጉዳይ ላይ አዳራሹ ጸጥ እንዲል ነበር። ቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበረው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ፣ ከዚያ ወርዶ ተራ ተወካይ ሆኖ፣ ደንቡ እስኪሻር ድረስ በየዓመቱ ሲታገል እንደ በጥባጭ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ መምህርት ሆይ፣ ለልጆችሽ ጨዋነት ማለት ጸጥታ ነው ብለሽ እንዳታስተምሪ አደራ እልሻለሁ። ክርክሩን የገደለው አንዳንድ ጊዜ ጩኸት ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዝምታ ነው።

እኛም ከዚሁ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የተደረገውን የሃይማኖት ጉባኤ እናውቃለን። ዐፄ ዮሐንስ በተቀመጡበት፣ ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ መጽሐፍ ተጠቀሰ፣ ሥርዓቱም አልጎደለም። ነገር ግን ዳኛው አስቀድሞ ወገን ስለነበረው የተረታው ወገን ተረታሁ ብሎ አልሄደም፤ በዐዋጅ ተገድዶ ሄደ። ቀጥሎ በወሎ እስላሞች ላይ የደረሰውን፣ ክርስትና እንዲነሡ መገደዳቸውን፣ የማያውቅ ወሎዬ የለም።

ለአርአያነት የምትፈልጊ ከሆነ እንግዲህ በ1858 አብርሃም ሊንከንና ስቴፈን ዳግላስ በኢሊኖይ ግዛት በሰባት ከተሞች ያደረጉትን ክርክር ልምከርሽ። አንደኛው 60 ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው 90 ደቂቃ ይመልሳል፣ የመጀመሪያው ተመልሶ በ30 ደቂቃ ይዘጋል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሕዝቡ በሜዳ ላይ ቆሞ ያደምጣል። ይህንንም ስነግርሽ ነውሩን አልሸሽግም፤ ዳግላስ የሕዝቡን የዘር ጥላቻ ይቀሰቅስ ነበር፣ ሊንከንም ቻርልስተን ላይ ጥቁሮች ከነጮች ጋር በማኅበራዊና በፖለቲካ መብት እኩል እንዲሆኑ እንደማይሻ ተናግሯል። ነገር ግን ፍሪፖርት በተባለው ከተማ ሊንከን አንዲት ጥያቄ ጠየቀው፤ ገና ግዛት ያልሆነ አካባቢ ሕዝብ ባርነትን በሕጋዊ መንገድ ሊከለክል ይችላል ወይስ አይችልም? ዳግላስ ይችላል ቢል ደቡብን ያጣል፣ አይችልም ቢል ኢሊኖይን ያጣል። ይችላል ብሎ መለሰ። የሴናተርነቱን ወንበር አሸነፈ፤ በ1860ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ግን ደቡቦቹ ከዱትና ሊንከን አሸነፈ። ስድብ ያላደረገውን አንዲት የተሳለች ጥያቄ ያደረገችው ሰውየው ጥያቄውን ሳይሸሽ ስለመለሰ ነው።

የሆጤ መምህርት

አባታችን፣ እድሜ ይስጥልኝ። ስለ ከዘራው ሳነብ የተማሪዬ ጥያቄ ትዝ አለኝና ደነገጥኩ፤ ከአሁን በኋላ የድሮ ሰዎች ተከባባሪ ነበሩ ብዬ አልነግራቸውም። ነገር ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በ1858 ጥላቻም ውሸትም ከነበረ፣ ዳግላስ ጥያቄውን እንደ ዛሬዎቹ አቋርጦ ወደ ሌላ ነገር ያልዘለለው ለምንድን ነው?

ጠበቃ ነኝ (ኮምቦልቻ)

መልሱ ከራሳችን ሙግት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አያቴ በላ ልበልሃ ይችሉ የነበሩ ሰው ስለሆኑ ከእርሳቸው የሰማሁትን ልንገርሽ። ቀድሞ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ የአንዱ ነጠላ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ ዳኛ ከሌለም ከመንገደኛው መካከል አንዱን «በሕግ አምላክ» ብለው አቁመው ይዳኛቸዋል። አንዱ «ተጠየቅ» ሲል ሌላው «ልጠየቅ» ማለት ግዴታው ነው። ንግግሩ ግጥም አለው፣ ሽሙጥ አለው፣ ከዘራም ይወዘወዛል፤ እንዲያውም ለአንዳንዱ ፈረንጅ ተመልካች ጠብ ይመስለው ነበር። ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት ለአንድ ጆሮ ነው። የተጠየቀውን ሳይመልስ የሚቀር በዳኛው ፊት ይረታል፤ ተነሥቶ እንዳይሄድም ነጠላው ተቋጥሯል።

ሊንከንና ዳግላስም እንደዚያ ቁራኛ ነበሩ። በፍሪፖርት ሜዳ ላይ የቆመው ሕዝብ የሁለቱም ደጋፊ የተደባለቀበት ነበር፤ ዳግላስ ቢሸሽ መሸሹን ሁሉም ያየዋል። እኔ እንደሚገባኝ በአሜሪካ የተፈታው ይህ ቋጠሮ ነው። ከሐረጎ በታች ያሉት ወንድማችን የነገሩን የወረዳ አሠማመር አንዱ መፍቻ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ የመገናኛ ብዙኃኑ ነው። ከ1949 እስከ 1987 ድረስ የአሜሪካ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከራካሪ በሆኑ ሕዝባዊ ጉዳዮች ላይ የተለያየውን አመለካከት እንዲያሰሙ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። ደንቡ በኬብል የሚተላለፉትን ጣቢያዎች የሚመለከት ስላልነበር ለሁሉም ነገር ምክንያት አላደርገውም፤ ሆኖም እርሱ ከተሻረ በኋላ የአንድ ወገን ብቻ የሬዲዮ ንግግር ተስፋፋ፣ በ1996 ደግሞ ፎክስ ኒውስና ኤምኤስኤንቢሲ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከፈቱ። አድማጩ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ ሁለቱ ዕጩዎች በአንድ መድረክ ቢቆሙም እያንዳንዱ የሚሟገተው በየራሱ ዳኛ ፊት ነው፤ ሁለቱም በየቤታቸው አሸንፈው ያድራሉ። ማይክሮፎን መዝጋት ጩኸቱን ይቀንስ ይሆናል፤ ቋጠሮውን ግን አይመልሰውም።

በሰኞ ገበያው ልጅ ሐሳብም እስማማለሁ፤ ስልኩ ቋጠሮውን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ፈታው።

ከሐረጎ በታች

ጠበቃው ያሉት እኔ በብዙ ቃል ዞሬ ያልደረስኩበት ነው። አንድ ተስፋ ብቻ ልጨምር፤ መልሰው ለመቋጠር የሚሞክሩ ግዛቶች አሉ። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን የሁሉም ፓርቲ ተወዳዳሪዎች በአንድ የመጀመሪያ ምርጫ ቀርበው፣ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ብቻ እንዲያልፉ ያደርጋሉ፤ አላስካም በ2020 በሕዝበ ውሳኔ አራት የሚያልፉበትን አሠራር መርጣለች። እንዲህ ሲሆን ተወዳዳሪው የሌላውን ወገን መራጭ ድምፅ ጭምር መለመን ይኖርበታል። ውጤቱ ገና አከራካሪ ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

የሆጤ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከልጆቹ ጋር ተነጋግረን የክበቡን ደንብ ቀየርን። የ1858ቱን አከፋፈል አሳጥረን 6 ደቂቃ፣ 9 ደቂቃና 3 ደቂቃ አድርገነዋል። መልስ የሚሰጠው ተከራካሪ በቅድሚያ የተቀናቃኙን ሐሳብ በራሱ ቃል ይደግማል፤ ተቀናቃኙ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ካላለ መልሱን መጀመር አይችልም። «ተጠየቅ» የተባለም «ልጠየቅ» ብሎ ይመልሳል፤ ይህኛውን ልጆቹ እጅግ ወደዱት። እስከ አሁን የየክፍሉ ተማሪ ለየክፍሉ ልጅ እያጨበጨበ ያስቸግረን ስለነበር፣ ድምፅ የሚሰጡት ከሁለቱም ክፍል ያልሆኑ ተማሪዎች እንዲሆኑ ወስነናል።

ያችን ተማሪዬንም አነጋገርኳት። በቅሬ (በእድር) ስብሰባ ላይ አባቷ ከጎረቤታቸው ጋር በመዋጮ ነገር ሲሟገቱ አድረው በማግሥቱ አብረው ለቀብር እንደሚወጡ ራሷ ነገረችኝ፤ ለምን እንደዚያ ሊሆን እንደቻለ ለቅዳሜ አስባበት እንድትመጣ ጠይቄያታለሁ። የመጀመሪያው ርዕሳችን የምርጫ ወረዳን ወሰን ማን ያሥምር የሚል ሲሆን አንደኛው ወገን ምክር ቤቱ፣ ሌላው ወገን ገለልተኛ ኮሚሽን ይላል። አባታችንና ጠበቃው ፈቃዳችሁ ከሆነ ቅዳሜ በ9 ሰዓት መጥታችሁ ዳኙልን።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር

እመጣለሁ ልጄ። ምክር ቤቱ ያሥምር የሚለውን ወገን ለሚይዙት ልጆች ግን ጥሩ ተከራካሪ መድቢላቸው፤ የእነርሱ ነገር ከባድ ነው፣ እኔም ወገን ይዤ እንዳልገኝ እፈራለሁ።